ጥያቄው የወዳጄ ነው

"በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ዝም በል።"

"ዝም ብዬስ? እስከ መቼ ነው የምደብቀው?"

"እስክትጨርስ ነዋ! የተናገረ ሰው በዚያው በር ይወጣል፤ ያውም ባዶ እጁን።"

ከዚህ በኋላ ልጅቷ የሰማችው ሦስተኛ ድምፅ ነበረ፤ የእናቷ። እናቷ ያን ቀን አንድ ነገር ተናግራለች፤ ምን እንዳለች ግን ከልጅቷ ጆሮ ጠፍቷል። ያኔ ፊደል ገና መቁጠሯ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ፍራሽ ላይ ተጋድማ፣ እንቅልፍ የወሰዳት መስላ ነው የሰማችው። ከሁለቱ ወንዶች የትኛው አባቷ፣ የትኛው የአባቷ ጓደኛ እንደነበረ እንኳ ዛሬ መለየት አትችልም። አባቷ ግንበኛ ነበር። ራሱን ያዞረው ነበር። የዚያ ዓመት ክረምት ሳይወጣ ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወደቀ። የምታውቀው ይህን ብቻ ነው።

"እትዬ ጡረታ! ኧረ ወረፋው ቆመ!"

ሴትዮዋ ብንን አለች። ከወረፋው መኻል አንዱ "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ብሎ ሲቀልድ ሰምታ ነው እንዲያ ወደ ልጅነቷ ርቃ የሄደችው። መነጽሯን አስተካክላ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ተመለከተች። የብየዳ ሠራተኛው ጓንቱን በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል።

"ይቅርታ ወንድሜ። ምን ነበር ያልከኝ?"

"አንድ ወዳጄ ነው። ከዚህ ለቆ ሌላ ፋብሪካ ቢገባ፣ እዚህ ያገለገለው ዘመን ውሃ በላው ማለት ነው?"

"ውሃ አይበላውም። ያዋጣውን አውጥቶ እስካልወሰደ ድረስ ዘመኑ ይያያዝለታል። ለወዳጅህ ንገረው፤ ሲለቅ ከጡረታ ፈንዱ ማስረጃ ሳይዝ እንዳይሄድ።"

"እነግረዋለሁ።"

"ለወዳጅህ ደግሞ ሱሪው ከኋላ መቃጠሉን ንገረው!" አለ ከጀርባው ያለው። ወረፋው በሳቅ ፈነዳ። በያጁ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ሱሪውን እየደባበሰ ሄደ።

በዚህ የብረታ ብረት ፋብሪካ ማንም ስለ ራሱ አይጠይቅም። መስኮቱ ከሰው ኃይል ክፍሉ ኮሪደር ላይ ነው። "ልለቅ ነው"፣ "ታምሜያለሁ"፣ "ደክሞኛል" ያለ ሰው ወሬው ከሱ ቀድሞ አለቆች ጋ ይደርሳል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሁሉም የሚጠይቀው ለወዳጁ ነው። ሴትዮዋ ቀድሞ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የጡረታ ፈንዱ አባላት የመረጧት ስለተማረች አይደለም፤ ሰው ሲያወራ ስለማታቋርጥ ነው። ደንቡን ራሷ አንብባ፣ ያልገባትን ጠይቃ ተማረችው። ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት እዚህ ትቀመጣለች። ከራሷ በላይ "እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል" የሚል ጽሑፍ አለ፤ በገዛ እጇ የጻፈችው ነው።

ቀጥላ የቀለም ክፍሏ ሴት ቀረበች። "የጓደኛዬ ባል ቢሞት ጡረታው ለማን ነው? ለሷ ነው ወይስ ለእናቱ?"

"ምነው፣ ታሟል እንዴ?"

"ኧረ እንደ በሬ ነው! ለማወቅ ያህል ነው እንጂ።"

"ሰውዬውን ዛሬ እቤቱ እራት እንዳይበላ ንገሩት!" አለ አንዱ። እትዬ ጡረታም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። መልሱን ግን አልረሳችም፤ ለሚስትም፣ ልጁ ይጦራት ለነበረች እናትም ድርሻ እንዳለ አስረዳቻት። የቀለም ክፍሏ ሴት ለእናትየውም ድርሻ አለ ሲባል ፊቷ ጠቆር አለ።

ወረፋው አለቀ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ቀረ፤ ንስሩ።

ንስሩ የክሬን ኦፕሬተሩ ነው። እሱና እሷ በአንድ ዓመት ነው የተቀጠሩት። ከጣሪያው ሥር በሐዲድ የሚሄደውን ትልቁን ክሬን ከላይ ካለችው ጎጆ ሆኖ የሚነዳው እሱ ነው። ከዚያ ከፍታ መሬት ላይ የወደቀች ብሎን አይቶ "አንሷት!" ይል ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት።

ወደ መስኮቱ ቀርቦ ፍርግርጉን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እጁ አየር ጨበጠ። እንደገና ዘረጋና አሁን አገኘው።

ሴትዮዋ አየች።

"ንስሬ፣ እንዴት ከረምክ? ልጅህስ፣ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ዓመት ይቀራታል፤ ከዚያ ነርስ ናት።" ጉሮሮውን ጠረገ። "አንድ ጥያቄ ነበረኝ። የወዳጄ ነው።"

"የወዳጅህ ይሁን።"

"የዚህ ሰውዬ ዓይን ቢደክም... ማለቴ፣ ዳር ዳሩ እየጨለመ መኻል መኻሉን ብቻ ቢያይ። በቱቦ ውስጥ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው።"

"ከጀመረው ቆየ?"

"ቆየት ብሏል።"

"ሥራው ምንድነው?"

"ሥራው ምን ያደርግልሻል?"

"መልሱ በሥራው ስለሚለያይ ነው።"

ሰውዬው ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ፤ ቀስ አድርጎ፣ አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ፣ ሰው መኖር አለመኖሩን ፈለገ። "ከፍ ያለ ቦታ ነው የሚሠራው" አለ በመጨረሻ።

ሴትዮዋ ክው አለች። በዚያው ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ልጇ እየሳቀ የነገራት ነገር ነው የመጣባት። ልጇ እዚያው ክሬኑ ሥር ነው የሚሠራው፤ የብረት ጥቅሎቹን በሰንሰለት አስሮ መንጠቆው ላይ የሚያንጠለጥለው፣ ሲወርዱም የሚቀበለው እሱና ጓደኞቹ ናቸው። "እማዬ፣ እኛ ክፍል እኮ የወፍ ቤት ሆኗል" ብሏት ነበር። "ድሮ በእጅ ምልክት ነበር የምንሠራው፤ አሁን በፉጨት ሆኗል። አንድ ረጅም ሲሆን ቁም፣ ሁለት አጭር ሲሆን ዝቅ አድርግ። ጋሼ ንስሩ ወፎቼ ነው የሚለን።" እሷም አብራው ስቃ ሻይ ደግማለት ነበር።

ወፎቼ!

የሥራ መግቢያው ሲረን ጮኸ።

"መልሱን የዛሬ ሳምንት እሰማለሁ" አለ ንስሩ።

"ቆይ! አጭር ነው፣ አሁን ልንገርህ..."

"ጥቅሎቹ ከገቡ ቆዩ። እየጠበቁኝ ነው።" ዞሮ ሄደ። ትከሻው ግድግዳውን እያሻሸ ሲሄድ ተመለከተችው። ያቺን ኮሪደር ዕድሜውን ሙሉ ተመላልሶባታል። አሁን ግን በግድግዳ ነው የሚሄድባት።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የሥራ ደኅንነት ኃላፊውን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። እጀታውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ደንቡን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሕመሙን ራሱ የተናገረ ሰው ወደ ሐኪሞች ቦርድ ይላካል። ሕመሙን ደብቆ አደገኛ ሥራ ሲሠራ የተያዘ ግን በጥፋት ይሰናበታል። በጥፋት የተሰናበተ ደግሞ ለቦርድ አይቀርብም። ብትደውል ልጇን ታድንና የዚህን ሰው እርጅና ታፈርሳለች። ባትደውልስ?

"ጌታዬ፣ አንተው ታውቃለህ" አለችና ተነሳች። ልጇ ወደሚሠራበት ወርክሾፕ አመራች።

በግቢው ውስጥ መሮጥ ቀርቶ መራመድም አቃታት። እግሯ የሰው እግር መሰላት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ አባቷ የወደቀ ቀን እናቷ በዚህ ዓይነት እርምጃ ነበር ወደ ሕንፃው የሄደችው፤ እሷ ቀሚሷን ይዛ ተከትላታለች። የትልቁ ወርክሾፕ በር ጋ ስትደርስ ፉጨቱን ሰማች። ጥርት ያለ ነው። ልጇ ነው።

ከላይ የቤት ጣሪያ የሚያህል የብረት ጥቅል በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይመጣል። ከታች ሦስት ወጣቶች አንጋጠው ቆመዋል። ልጇ መኻላቸው ነው፤ ቢጫ ሄልሜቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ሁለት ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ። ሁለት አጭር ፉጨት አሰማ። ጥቅሉ ዝቅ አለ። እንደገና ሁለት አጭር። በዚህ መኻል ከወዲያ ማዶ የመቁረጫ ማሽኑ ተነስቶ ጮኸ። ልጇ አንድ ረጅም ፉጨት ነፋ። ጥቅሉ አልቆመም። ልጁ ወደ ጎን ዘሎ በጉልበቱ ወደቀ። ብረቱ እሱ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ዱም ብሎ አረፈ። ወለሉ ከእግሯ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

ልጁ ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ። ጓደኞቹን እያየ ሳቀ። ያ ሳቅ ከብረቱ ይልቅ አስፈራት።

"እማዬ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ያለ ሄልሜት አይገባም እኮ!"

ክንዱን ያዘችው። "አያይም" አለች። "ሰውዬው አያይም።"

ልጁ ጓደኞቹን አያቸው። ማንም አልደነገጠም። አንደኛው ወደ ጫማው አጎነበሰ።

"ታውቃላችሁ" አለች። "ሁላችሁም ታውቃላችሁ!"

"ቀስ በይ፣ እማዬ። አዎ እናውቃለን። ፎርማኑም ያውቃል። ምን እናድርግ ታዲያ? ጡረታው ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። አሁን ከወጣ ባዶ እጁን ነው።"

"ባዶ እጁን ነው ያላችሁ ማነው?"

"አንቺ ነሽ!"

"እኔ?"

"ፎርማኑ መጥቶ ጠየቀሽ እኮ። ለወዳጄ ነው ብሎ። 'ዕድሜው ሳይደርስ ሥራውን ትቶ ቤቱ ቢቀመጥስ?' አለሽ። 'ያዋጣውን ይወስዳል እንጂ የወር ጡረታ የለውም' ብለሽ መለስሽለት። ረሳሽው?"

አልረሳችውም። "በፈቃዱ ስለሚለቅ ሰው ነዋ የጠየቀኝ! ስለ ሕመም አንዲት ቃል አልተነፈሰም!"

"ስለ ሕመም ቢልሽማ ሰውዬው ማን እንደሆነ ታውቂ አልነበር?"

ይኸው ነው እንግዲህ። ለሰውዬው አዝነው የግማሽ ጥያቄ ጠየቁ፤ የግማሽ ጥያቄውን ትክክለኛ መልስ ይዘው ሄዱ፤ በዚያ መልስ ላይ ቆመው ይኸው ለዓይነ ስውር ያፏጫሉ።

"ጥሩልኝ። ይውረድ።"

"አይወርድም። ሺፍት እስኪያልቅ ወርዶ አያውቅም። ሻይውን እንኳ በገመድ ነው የምንልክለት።"

ቀና ብላ አየች። መሰላሉ ግድግዳውን ታኮ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከጫፉ ራቅ ብላ ያቺ የቆርቆሮ ጎጆ ተንጠልጥላለች።

"ክሬኑን ወደዚህ ጥግ አምጡትና ይቁም። ሌላ ጥቅል እንዳትነኩ።"

"እማዬ! አንቺ እኮ ወንበር ላይ ቆመሽ አምፖል የማትቀይሪ ሰው ነሽ!"

"አውቃለሁ" አለችና ነጠላዋን በወገቧ ላይ አሰረች። ክሬኑ በፉጨት ተጠርቶ መሰላሉ ጋ መጥቶ ቆመ።

የመጀመሪያውን እርከን ስትይዝ ብረቱ ቀዘቀዛት። ዓይኗን ጨፈነች። በእያንዳንዱ እርከን ላይ "አቤቱ" ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጸሎት አልመጣላትም። መኻል ላይ ስትደርስ እጇ አልላቀቅ አላት። የመጋረጃው ጀርባ መጣባት፤ ዝም በል፤ እስከ መቼ። እናቷ ምን ነበር ያለችው? ደጋግማ ፈለገችው፣ አላገኘችውም። እጇ ግን በዚህ መኻል ለቀቀላት፤ ወጣች።

"ማነው?" አለ ንስሩ። በትንፋሿ ነው የሰማት። ፊት ለፊቱ እስክትሆን ድረስ አላያትም። "እትዬ ጡረታ! ወይ ጉድ! መዋጮ ልትሰበስቢ ነው እዚህ ድረስ?"

"መልስህን ይዤልህ መጣሁ" አለች ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ። መነሳት አልቻለችም። "ለወዳጅህ ንገረው። ዘመኑን ያገለገለ፣ ሐኪሞች ሥራ አይችልም ያሉት ሰው፣ ዕድሜው ባይደርስም የወር ጡረታ አለው። እስኪሞት። ግን ራሱ ቀድሞ መናገር አለበት። ሲሠራ ከተያዘ ቀረበት።"

ሰውዬው መቆጣጠሪያውን አልለቀቀም። "ሙሉውን ነው? ዕድሜውን ጨርሶ እንደሚወጣ ሰው?"

እዚህ ላይ "አዎ" ብትል ይወርዳል። ቃሏን የሚጠራጠር ሰው በዚህ ፋብሪካ የለም። ልጇ እታች ነው። "አዎ" ከንፈሯ ላይ ደረሰ።

"ሙሉውን አይደለም" አለች። "ያነሰ ነው። ላልሠራህበት ዘመን ይቀነሳል።"

"ቦርዱ እምቢ ቢልስ?"

"እሱን አላውቅም። እነሱም ሰው ናቸው።"

"ታዲያ ምን ይዘሽልኝ ወጣሽ? ልጄ ዓመት ይቀራታል ስልሽ! እዚህ ካለሁ ትጨርሳለች። አንቺ ያነሰ ትይኛለሽ፣ አላውቅም ትይኛለሽ..."

"የማውቀውን ይዤ ወጣሁ። የቀረው ፍርሃቴ ነው።" ወደ ታች ጠቆመች። "ንስሬ፣ አሁን ያወረድከውን ጥቅል የት እንዳሳረፍከው አየህ?"

"ልጅሽ በፉጨት ነግሮኛል። የሱ ፉጨት ከሁሉም ይጠራል።"

"ቁም ብሎ ፏጨ። ማሽኑ ጮኸና አልሰማኸውም። ልጄ በቆመበት ነው ያሳረፍከው።"

የንስሩ እጅ ከመቆጣጠሪያው ላይ ወርዶ ጭኑ ላይ አረፈ።

"አለ?" አለ በመጨረሻ። "ልጁ አለ?"

"ዘሎ አመለጠ። እየሳቀ ነው።"

"አላየሁትም" አለ። "ምንም አላየሁም። ብዙ ጊዜ... ምንም አላይም።" ፊቱን በክንዱ አበሰ። ከዚያ "እሺ። ነገ ሄጄ እናገራለሁ። የዛሬዎቹን ልጨርስና። ሦስት ጥቅል ነው የቀረኝ" አለ።

"የቀረህ መሰላሉ ብቻ ነው።"

"አንቺ ሴትዮ!"

"አንድም ጥቅል አታነሳም። እዚሁ ተቀምጬ አድራለሁ እንጂ አታነሳም። ደግሞ እውነቴን ነው፤ ብቻዬን መውረድም አልችልም።"

ሳቀ፤ ሳቁ ከለቅሶ አይለይም። "እኔስ ምን ብዬ ነው የምወርደው? ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው በእግሬ እየዳበስኩ የምወርደው። እርከኑን አላየውም።"

"እኔም አላየውም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት።"

"እግዚአብሔር ያሳይሽ! ሁለት ዕውሮች!"

ከታች የልጇ ድምፅ "እማዬ!" ሲል ተሰማ። ንስሩ ቁልፉን ከመቆጣጠሪያው ነቀለ። በጣቶቹ መኻል አገላበጠው፤ ከዚያ ኪሱ ሊከት ሲል ተወውና እጇን ፈልጎ መዳፏ ላይ አስቀመጠው።

"የወዳጄ አይደለም" አለ። "ዓይኔ ደክሟል። ነገ ለአለቆቹ ራሴ እናገራለሁ፤ አንቺ አብረሽኝ ትመጫለሽ፣ አፌ ቢተሳሰር ከጎኔ ትሆኛለሽ። ግን የምናገረው እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ።"

"አሁን ደግሞ ቀድመሽ ውረጂ። እግሬን እየያዝሽ እርከኑ ላይ አሳርፊልኝ። እሺ?"

ወደ ታች አየች። ወለሉ ዞረባት። ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ጀርባዋን ወደ ባዶው ሰጥታ አንድ እግሯን አወረደች።

"እሺ" አለች።

ንስሩ በጎጆዋ በር በኩል አንገቱን አወጣ። "ወፎቼ!" ብሎ ጮኸ። "ማንም እንዳያፏጭ! እየወረድን ነው!"

ከዚያ ጫማው ቀስ ብሎ ወደ ታች መጣ፤ አየሩን ፈለገ፤ እጇን ዘርግታ ያዘችው።